በግራ እግሩ የቆመው ሰልፍ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጃንዋሪ 19 ቀን 1934፣ ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ በነገሡ በሃያ አራተኛው ዓመት፣ ዓርብ ከጠዋቱ በአምስት ሰዓት፣ በዊልጋ ሂል የማዕድን ሠራተኞች ማኅበር አዳራሽ፣ በምሥራቁ ግድግዳ ላይ፣ አንድ ሚስማር ተመታ።

ይህ ሚስማር ይመታ ዘንድ ስድስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ሦስት ጊዜ ተሰብስቧል፤ የሚስማሩ ርዝመት በድምፅ ብልጫ ተወስኗል፤ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ክቡር ሚስተር ኦስዋልድ ካርን የክት ልብሳቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን በደረታቸው ይዘው ቆመዋል። ሚስማሩ በመጀመሪያው ምት ተጣመመ፤ ሌላ ሚስማር መጣ፤ ይህ ግን በቃለ ጉባኤው አልሰፈረም።

የሚሰቀለው ፎቶግራፍ ነበር። በከተማችን ያን ፎቶግራፍ የማያውቅ እንግዳ ሰው ብቻ ነው። በ1909 ኩባንያው ደመወዝ ቀንሶ፣ እንቢ ባሉት ላይ የማዕድኑን በር በዘጋ ጊዜ፣ ስድሳ አንድ ሰው ከነሐር ሰንደቁ ዋናውን ጎዳና ሞልቶ ሲገሠግሥ ያሳያል። በጋዜጣ ታትሟል፤ በፖስታ ካርድ ተሽጧል፤ በብስኩት ቆርቆሮ ክዳን ላይ ወጥቷል፤ በየቤቱ ከሙሽሮችና ከሟቾች ፎቶ መካከል ቆሟል። አንዱ ቅጂ ከሌላው ቅጂ እየተቀዳ በየጊዜው ስለ ጨለመ፣ የወንዶቹ ፊት ከጢማቸው፣ ኮታቸው ከጥላቸው የማይለይ ሆኖ ነበር፤ ይህም ማንንም አላሳዘነም፤ ሁሉም በጥቁሩ ውስጥ አባቱን ማየት ይችል ነበርና።

አሁን ሃያ አምስተኛው ዓመት ሲደርስ ፎቶው የተነሣበት ዋናው መስታወት በአዴሌድ ከተማ ከፎቶ አንሺው ባለቤት እጅ ተገኘ፤ ወይዘሮዋ በዶሮ ቤቷ መስኮት ላይ ልታስገጥመው ቀን ቆርጣ ነበር ይባላል። ኮሚቴው በሰው ቁመት ልክ አሳድገው እንዲልኩለት አዘዘ፤ ከሥሩም የሰልፈኞቹ ስም የተቀረጸበት እብነ በረድ ይቆም ዘንድ ወሰነ። የማን ስም ይጻፍ የሚለው ጉዳይ ከሚስማሩ ያነሰ ጊዜ ወሰደ፤ «በፎቶግራፉ ውስጥ ያለ ሁሉ፤ በፎቶግራፉ ውስጥ ያለ ብቻ» ተባለ።

ዝርዝሩን በጽሕፈት መኪና የመታችው የማኅበሩ ጸሐፊት ሞርዌና ራውስ ነበረች፤ ዕድሜዋ ሃያ ሰባት ነው። ስድሳ አንዱን ስም ጨረሰች፤ አንድ ስም ፈለገች፤ አጣችው፤ መኪናውን ሸፍና ወዳሳደገቻት አክስቷ ወደ ልብስ ሰፊዋ ወደ ታምሲን ፔንሄል ቤት ሄደች።

«አክስቴ፣ እማዬ የለችም።»

ታምሲን የሙሽራ ቀሚስ ጫፍ ትሰፋ ነበር፤ መርፌውን አላቆመችም። «እናትሽ ከሞተች ሃያ አምስት ዓመቷ። የት ትገኝ?»

«ዝርዝሩ ውስጥ ነው የምልሽ! ጄቤዝ ትሬምባት እንኳ አለ!»

መርፌው ቆመ። «ጄቤዝ?»

«ከፊት ሰንደቁን ይዞ የለ እንዴ!»

«ይዟል» አለች ታምሲን። «ረጅም ስለሆነ ነው። ዛፍም ቢሆን ያስይዙት ነበር።» ከዚያም የሙሽራይቱን ቀሚስ አጥፋ አስቀመጠችና ባርኔጣዋን ፈለገች።

እውነቱ እንዲህ ነበር። በፌብሩዋሪ 2 ቀን 1909፣ ማክሰኞ፣ ቀይ አቧራ ሰማዩን በሸፈነበት ሐሩር፣ እንቢ ያሉት ወንዶች ሁሉ በየቤታቸው ነበሩ። በዳኛ ፊት ሰላም እንጠብቃለን ብለው ፈርመዋልና ወደ ማዕድኑ በር መቅረብ ተከልክለዋል። ሴቶቹን ያስፈረማቸው አልነበረም፤ ዳኛው ትዝም አላሉት። ስለዚህ አርባ ሦስት ሴቶች ሽርጣቸውን እንዳደረጉ፣ መጥረጊያና ቆርቆሮ ይዘው ከጸሎት ቤቱ ጓሮ ተነሡ። ሰንደቅ አልነበራቸውም፤ ሰንደቁ በአዳራሹ ተቆልፎበት ነበር፤ ቁልፉም በዚያን ጊዜ የማኅበሩ ጸሐፊ በነበሩት በሚስተር ካርን ኪስ ውስጥ ነበር። ከሲድኒ የመጣ ሐር ነው፤ አቧራ አይስማማውም ብለው።

ከፊት የሄደችው የታምሲን ታላቅ እኅት ኬዛያ ራውስ ናት። ባሏን ማዕድኑ ባለፈው ዓመት በልቶባት፣ የሁለት ዓመት ልጇን ሞርዌናን ለጎረቤት ሰጥታ ነው የመጣችው። መሀል ልትሆን ፈልጋ ነበር፤ «ያንቺ ድምፅ ከሁላችን ይጎላል፤ ቅደሚ በይ» ብላ ወደ ፊት የገፋቻት ታምሲን ነበረች። በሩ ላይ ፈረሰኛ ፖሊሶች ቆመዋል። ቆርቆሮው ሲንቋቋ አንድ ፈረስ ደነበረ፤ የኋሊት ሄደ፤ ኬዛያን ከአጥሩ ግንድ ጋር አጣበቃት። በአሥረኛው ቀን፣ ዓርብ፣ ሞተች። የሞት ወረቀቷ «የልብ ድካም» ይላል። ቅዳሜ ተቀበረች፤ ማኅበሩም ለአንድ ወር ኀዘን አወጀ።

ለማክሰኞው ሰልፍ የተጠራው ፎቶ አንሺ ሚስተር ሉንድ በሌላ ከተማ ሠርግ ቆይቶ የደረሰው ያን ቅዳሜ ነው። ከመጣ አይቀር፣ ሰንደቁም እስካሁን ፎቶ አልተነሣ፣ በማለት እሑድ ከጸሎት በኋላ ወንዶቹ በዋናው ጎዳና ተሰበሰቡ። ሰባኪው በሰንበት መሥራት ኃጢአት ነው ብሎ ተቃወመ፤ መቆም ሥራ አይደለም ብለው ረቱት። ዳኛውም አልተቀየመ፤ የተከለከለው መሄድ ነበርና። ሉንድ ጥቁሩን ጨርቅ በራሱ ላይ ደርቦ «የግራ እግር ወደ ፊት! እንዳትንቀሳቀሱ! ጌታዬ፣ እርስዎ የሚሄዱ እንጂ የሚቀመጡ አይምሰሉ!» እያለ ይጮህ ነበር፤ ስድሳ አንድ ሰው የግራ እግሩን አስቀድሞ እንደ ሐውልት ደርቆ ዘመተ።

ሰንደቁን የያዘው ጄቤዝ ትሬምባት ሰልፉ በሄደ ዕለት ከመሬት በታች ነበር፤ አድማውን ጥሶ ይቆፍር ነበር። ሴቶቹ ዘጠኝ ምሽት በደጁ ቆርቆሮ ደብድበውበታል፤ በእኛ ዘንድ ቆርቆሮ የሚደበደበው ለሙሽራና ለከሃዲ ነው። ኬዛያ በሞተችበት ዓርብ ግን መሮውን ጥሎ ወጣ፤ አድማው እስኪያልቅም አልተመለሰም። ለምን እንደ ወጣ ማንም አልጠየቀውም፤ ቁመቱን ብቻ ነው ያዩት።

በዚያ እሑድ ካርን ወደ ታምሲን ሰው ልከው ነበር፦ መጥረጊያ የያዙ ጥቂት ሴቶች በዳር ቢቆሙ ለዓይን ያምራል ብለው። ታምሲን «እኅቴን ትናንት ቀብሬ ዛሬ ለፎቶ ላጊጥላችሁ? ቅርጫት ሙሉ ውሸት አንሡ፤ እኔ የለሁበትም» አለችና መጋረጃዋን ዘጋች። የተላከውም ሌላ በር አላንኳኳም። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ታምሲን ስለዚያ መልሷ ስትኮራ ኖራለች፤ ቆይቶ እንደምናየው፣ የሚያኮራ መልስ ብዙ ጊዜ ውድ ነው።

ሚስተር ካርን በቢሯቸው በትሕትና ተቀበሏት። ሳፍሮን የገባበት ኬክ ከሻይ ጋር ቀርቦ ነበር።

«ሚስ ፔንሄል፣ ይቀመጡ እንጂ። ሻይ ይምጣልዎ?»

«ሻይ ቤቴ አለ። የመጣሁት የእኅቴን ስም ብዬ ነው።»

«ኬዛያን ማን ይረሳታል! ግን ደንብ ወጣ። ፎቶው ውስጥ የሌለ ሰው ካስገባን ነገ ከተማው ሁሉ አያቱን ተሸክሞ ደጄ ላይ ነው።»

«ይሸከማ። የሄደ ይጻፍ፤ የቆመ ይቅር።»

ካርን ፈገግ አሉ፤ ፈገግታቸው ክፋት አልነበረበትም። «ሄዳለች ብሎ የሚመሰክር ማን አለ?»

«እኔ አለሁ። ሚስስ ጉንድሪ አለች።»

«ሚስስ ጉንድሪማ ባለፈው ሳምንት ፈርማለች። ፎቶው ውስጥ ከባሌ ትከሻ ኋላ ያለሁት እኔ ነኝ ብላ።»

«እሷ ፎቶው የተነሣ ዕለት ቤቷ የቀብር ድስት ስታጥብ ነበር!»

«ምን ላድርግ፤ እዚያ ነኝ ካለች እዚያ ናት። ከሴቶቹ ከእርስዎ ሌላ የቀሩት አራት ናቸው፤ አራቱም ራሳቸውን አግኝተዋል። እርስዎ ብቻ ነዎት ያላገኙ።» እጃቸውን አጣመሩ። «እሺ፣ ይንገሩኝ፤ እንደ ምስክር አድርጌ ለኮሚቴው አቀርበዋለሁ። በእውነት። ያን ማክሰኞ ምን ይመስል ነበር?»

ታምሲን ዓይኗን ጨፈነች። ይህን ለራሷ ሺህ ጊዜ ተርካዋለች።

«አቧራ ነበር። አፋችን ውስጥ ይገባል። ኬዛያ ከፊት ናት፤ እኔ ከኋላዋ፤ ክንዷን አያታለሁ። ቆርቆሮው ይጮሃል። ሰንደቁ ከላያችን በነፋስ ይወጠራል፤ ወርቃማው ፊደል...»



«ሰንደቁ?» አሉ ካርን፤ በለሆሳስ።

ታምሲን ዓይኗን ገለጠች።

«ሰንደቁ ተቆልፎበት ነበር፣ ሚስ ፔንሄል። ቁልፉ እኔ ዘንድ ነበር። እርስዎ እኮ ነዎት ለሃያ አምስት ዓመት በዚህ ሲሰድቡኝ የኖሩት።»

የደረሰባትን ሽንፈት ከሌላው ሽንፈት ሁሉ የከፋ ያደረገው ካርን እውነት መናገራቸው ነበር። በከተማው ውስጥ ያን የቁልፉን እውነት የሚያውቁ ሁለት ሰዎች በዚያች ጠረጴዛ ግራና ቀኝ ተቀምጠው ነበር፤ አንዱ ሊሸሽገው፣ ሌላዋ ልታወጣው፤ የተናገረው ግን የሚሸሽገው ነው። እርሷ በየሰው ቤት ቀሚስ ልትለካ በገባች ቁጥር፣ ሳትፈልግ፣ ከምድጃው በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ ያንን ፎቶግራፍ ስታይ ኖራለች፤ ሰንደቁም ቀስ ብሎ፣ እንደ እርጥበት፣ ወደ ማክሰኞዋ ሰርጎ ገብቷል።

ቤቷ ገብታ በጓሮው በረንዳ ላይ ተቀመጠችና የቀረውን መረመረች። አርባ ሦስት ሴቶችን በሐሳቧ አስነሣች፤ ጨለማ ኮት የለበሱ ወንዶች መጡ። ሽርጦቹን ፈለገች፤ የሰንበት ባርኔጣ አየች። የእኅቷን ፊት ጠራች። ኬዛያ በዕድሜዋ አንድ ቀን እንኳ ፎቶ አልተነሣችም፤ በፊቷ ፈንታ የመጣው የጄቤዝ ትሬምባት ረጅም፣ የተደነቀ ፊት ነበር። «የለሁበትም» ያለችው እርሷ ነበረች፤ አሁን በእርግጥ የለችበትም፤ እኅቷንም ይዛት ቀርታለች። ያን እሑድ መጋረጃውን ከፍታ፣ መጥረጊያዋን ይዛ ዳር ላይ ቆማ ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ ቢያንስ «ይቺ ሴት መጥረጊያ ለምን ያዘች?» ብሎ የሚጠይቅ ይኖር ነበር።

በሳምንቱ ጄቤዝን በዳቦ ቤቱ በር አገኘችው። የድንጋይ መሰርሰሪያው ጩኸት ጆሮውን ካደነቆረው አሥር ዓመት አልፏል፤ በሹክሹክታ የሚያወራው በጎዳናው ማዶ ይሰማል፤ ስለዚህም በከተማው ምሥጢር የሚነግረው ሰው የለም።

«ታምሲን! ቅዳሜ ትመጫለሽ አይደል?» ብሎ ጮኸ።

«አንተን ለማየት? ያየሁህ ይበቃኛል፤ በየምድጃው ላይ ቆመህ!»

ከንፈሯን አየ፤ ቁጣዋን ብቻ አነበበ፤ ራሱን ዝቅ አደረገ። «አንቺ ብትመጪ ደስ ይለኛል» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር፤ ሦስት ሱቅ ሰማው።

ፌብሩዋሪ 3 ቀን፣ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ሥርዓቱ በወረቀት ተዘጋጅቷል፦ ሊቀ መንበሩ መጋረጃውን ይገልጣሉ፤ ሕዝቡ ለአፍታ ዝም ይላል፤ ጸጥታው ሲሰፍን የማኅበሩ ማርሽ ባንድ ይመታል፤ በሕይወት ያሉት አሥራ ዘጠኝ ሰልፈኞች በፎቶው ተራ፣ ጄቤዝ ከነሰንደቁ ከፊት ሆኖ፣ ወደ ጎዳናው ይወጣሉ፤ በውጭም የጋዜጣው ፎቶ አንሺ ይጠብቃቸዋል። ሞርዌና በመድረኩ ሥር ጠረጴዛ ላይ ዝርዝሩን ይዛ ተቀመጠች፤ ታምሲን በበሩ አጠገብ፣ በመጨረሻው ወንበር። ሥዕሉን ቀድሞ ያየ ማንም አልነበረም፤ ካርን ደስታው ለሁሉም እኩል ይድረስ ብለው ከአዴሌድ እንደ ታሸገ አሰቅለውታል።

መጋረጃው ወረደ።

በመጀመሪያ የሆነው አድናቆት ነበር፤ ጢሙ በአንድ በአንድ ይቈጠራል። ቀጥሎ ትንሽ ሁከት ሆነ፤ ሦስት ቤተሰቦች ለዓመታት አባታችን ያሉት ሰው የጎረቤታቸው አባት ሆኖ ተገኘባቸው፤ ሚስስ ጉንድሪም ከባሏ ትከሻ ኋላ የፈረስ ማሰሪያ እንጨት መሆኗን አየች። ከዚያ በኋላ ነው ሁካታው እየተመናመነ የሄደው። በካርን ነጭ የበፍታ ጃኬት ላይ፣ በግራው ክንድ፣ አንድ ጥቁር ሪባን ነበረ። ዓይን ወደሚቀጥለው ሰው ሄደ፤ በእርሱም ክንድ ላይ አለ። ወደሚቀጥለው፤ አለ። በየቅጂው ከኮቱ ጥቁረት ጋር ተቀላቅሎ የጠፋው ሁሉ በዋናው መስታወት ላይ ጥርት ብሎ ቆይቷል፦ ስድሳ አንድ የግራ እግር፣ ስድሳ አንድ የኀዘን ሪባን። ወደ ማዕድኑ በር ገና እየሄደ ያለ፣ ገና ማንም ያልተጎዳበት ሰልፍ፣ ሰው ቀብሮ የመጣ ይመስል ነበር።

ጸጥታው በወረቀቱ ላይ ከተጻፈው በላይ ረዘመ። በዚህ መካከል ጄቤዝ ትሬምባት ወደ ጎኑ ዘንበል ብሎ ለጎረቤቱ በሹክሹክታ ነገረው።

«እንዴ! ሪባናችን ደህና አድርጎ ወጥቷል እኮ! የኬዛያ ኀዘን ነው። በቀብሯ ማግስት አይደል የተነሣነው? ሴቶቹ ሲሄዱማ እኔ ጉድጓድ ውስጥ ነበርኩ፤ አንተም ቤትህ ነበርክ።»

በአዳራሹ ያልሰማ አልነበረም። ካርን ወረቀታቸውን ገለበጡ፤ በስተኋላው ምንም አልተጻፈም ነበር። ቀኝ እጃቸው ተነሥቶ በፎቶው ላይ ሪባን ያለበትን ያንኑ ግራ ክንዳቸውን ዳሰሰ፤ እጃቸው መዳሰሱን እርሳቸው ያወቁ አይመስልም። ሞርዌና መነጽሯን አውልቃ እንደ ገና አደረገች፤ በዕድሜዋ ሙሉ ስታየው በኖረችው ፎቶ ውስጥ እናቷ ስድሳ አንድ ጊዜ ነበረች።

የማርሽ ባንዱ ጸጥታው ተራው መሆኑን እንጂ ሌላውን አላወቀም፤ ስለዚህ የድሉን ዜማ መታ። አሥራ ዘጠኙ ሽማግሌዎች መነሣት ነበረባቸው። አንዱ እግሩን ሰብሰብ አደረገ፤ የጎረቤቱን አየና መልሶ ዘረጋው።

የከተማችን ጋዜጣ በሰኞ እትሙ «ሰልፈኞቹ በከበሮና በእምቢልታ ታጅበው በክብር ወጡ» ብሎ ጽፏል፤ ገጹ ዓርብ ዕለት ተሰናድቶ አልቆ ነበርና። እብነ በረዱም እስከ ዛሬ አለ፤ ስድሳ አንድ ስም፤ የተጨመረም የተፋቀም የለም። ስለ ሪባኖቹ የሚጠይቅ እንግዳ ሲመጣ፣ በዚያ ዘመን እንዲህ ማጌጥ ልማድ ነበር ይባላል፤ እንግዳውም በማስታወሻው ይጽፈዋል። የሆነውን ለማስታወስ አንድ ሰው ይበቃ ነበር፤ ያልሆነውን ለማስታወስ ግን ከተማ ሙሉ ሰው ተባብሯል፤ ብዙዎቹም ቅን ሰዎች ነበሩ።

በዚያች ሰዓት፣ ዜማው ገና እየተመታ፣ ከአዳራሹ የተነሣ አንድ ሰው ነበረ። ታምሲን ፔንሄል ምርኩዟን ይዛ ቀስ ብላ በሩን ከፈተችና ወደ ጎዳናው ወጣች። የአፀፋ ደስታ አልተሰማትም፤ የጄቤዝን ሹክሹክታ ስትሰማ የመጣባት፣ ያንን ሰው ዘጠኝ ምሽት ቆርቆሮ ደብድባበት አንድ ቀን እንኳ «ለምን ወጣህ?» ብላ አለመጠየቋ ነበር።

ፎቶ አንሺው ካሜራውን በሦስት እግሩ አቁሞ፣ ወደ በሩ አነጣጥሮ፣ እጁን ማንሻው ላይ አድርጎ ይጠብቅ ነበር።

«እማማ፣ ትንሽ ገለል ይበሉልኝ፤ ሰልፉ ሊወጣ ነው።»

ታምሲን ከደረጃው ግርጌ ቆመች። ጎዳናው ያው ነው፤ አቧራውም ያው ቀይ ነው። «አንድ ሰው ብቻ ቢሆን አታነሣም?» አለችው።

«አንድ ሰው ምን ሰልፍ ይባላል!» ብሎ ሳቀ። «አሥራ ዘጠኝ ናቸው፤ ከነሰንደቃቸው። ብርሃኑ ሳይሄድብኝ ነው የምፈልጋቸው።»

ገለል አለችለት። ከካሜራው ኋላ፣ ከጥላው ሥር ሄዳ ከጎኑ ቆመች፤ ሁለቱም ክፍቱን በር ያዩ ጀመር። ከውስጥ ዜማው አልቆ እንደ ገና ከመጀመሪያው ተነሣ፤ አሁንም አለቀ።

«ምን ሆነው ነው የቆዩት?» አላት፤ ዓይኑን ከበሩ ሳይነቅል።

«እኔ ምን አውቄ» አለች ታምሲን። «እኔ ፎቶው ውስጥ የለሁም።»

ማንም አልወጣም።